ጌሙን ጨርሼ ስነሳ

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝ። አርባ አራት ዓመቴ ነው፣ የሁለት ልጆች አባት ነኝ፣ የዕድራችን ጸሐፊ ነኝ፣ ጌም እጫወታለሁ። የመጨረሻዋን በአደባባይ ስናገራት ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። እስካሁን የሚያውቁብኝ ባለቤቴ፣ ልጆቼና የእህቴ ልጅ ብቻ ነበሩ። ጎረቤት በር ሲያንኳኳ ቴሌቪዥኑን ወደ ዜና የምቀይርበትን ፍጥነት ብታዩ ትስቁብኛላችሁ።

ለምን እንደማፍር ራሴን ጠይቄያለሁ። ልቦለድ እያነበብኩ ሰው ቢመጣ መጽሐፉን ትራስ ሥር አልከትም። ተከታታይ ድራማማ ጭራሽ ቡና ላይ "እናንተ የት ደረሳችሁ?" እየተባባልን እንጠያየቅበታለን። "ትናንት ማታ አንድ ጌም ጨርሼ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ" የሚል ጎልማሳ ግን እስከዛሬ አልገጠመኝም። ካለም እንደኔ ተደብቋል።

ነገሩ የመጣው ከጌም ቤት ይመስለኛል። አብዛኞቻችን ጌምን ያየነው እዚያ ነው፦ ጠባብ ክፍል፣ ግድግዳ ሥር የተደረደሩ ቴሌቪዥኖች፣ አግዳሚ ወንበር፣ በጨዋታ ወይም በሰዓት የሚታሰብ ሒሳብ፣ የተሸነፈ ተነሺ። የሚጫወቱት በአብዛኛው ኳስ ነው። ኳስ ደግሞ አያልቅም። ግጥሚያው ያልቃል እንጂ ነገ ሌላ ግጥሚያ አለ፣ በዓመቱም አዲሱ ይወጣል። ስለዚህ "ይሄ ነገር ማለቂያ የለውም" የሚል ወላጅ ተሳስቷል ማለት አይቻልም። እሱ ያየው ጌም በእርግጥም ማለቂያ የለውም።

እኔ ግን የማወራው ስለሚያልቁት ነው። ታሪክ ስላላቸው፤ ሲያልቁ የሠሯቸው ሰዎች ስም ከታች ወደ ላይ እየወጣ፣ አንተ ጆይስቲኩን እንደያዝክ ዝም ብለህ ስለምትቀመጥባቸው። እነዚህን ያወቅኳቸው የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ ፕሌይ ስቴሽኑን እኛ ቤት ትቶ በሄደ ጊዜ ነው። "ጋሼ፣ አደራ፣ አቧራ እንዳይጠጣ" አለኝ። አደራዬን ከሚገባው በላይ ተወጣሁ።

መጀመሪያ የጨረስኩት ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 የሚባለውን ነው። ሮክስታር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ሲሆን ታሪኩ የሚጀምረው በ1899 አሜሪካ ውስጥ ነው፤ የሽፍታ ዘመን እያበቃ፣ ሕግና ባቡር እየገፋ በሚመጣበት ጊዜ። ተጫዋቹ አርተር ሞርጋን የሚባል ሽፍታ ይሆናል። እኔ ቅዳሜና እሁድ ማታ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ ብቻ ስለምጫወት አራት ወር ገደማ ፈጀብኝ።

የአርተር ቡድን ከዘረፋው ሌላ በአራጣ ያበድራል። ሒሳብ የሚይዘው ሽትራውስ የሚባል ሰውዬ አርተርን ዕዳ እንዲሰበስብ ይልከዋል። ከባለዕዳዎቹ አንዱ ቶማስ ዳውንስ የሚባል ድሃ ገበሬ ነው፤ ፊቱ የገረጣ፣ የሚያስል፣ ሚስትና ጎረምሳ ልጅ ያለው። ጌሙ እዚህ ቦታ ላይ ሌላ መንገድ አይሰጥህም። የሚሰጥህ የመምቻውን ቁልፍ ነው። መታሁት። ሰውየው ፊቴ ላይ ሳለ። (አያችሁ፣ "ፊቴ ላይ" አልኩ።) ሚስቱ እየጮኸች መጣች፣ እኔም ወደ ሌላው ሥራ ሄድኩ፤ አደን፣ ዓሣ ማጥመድ፣ ባቡር መዝረፍ። ረሳሁት።

ከብዙ ሳምንታት በኋላ አርተር ማሳል ጀመረ። አንድ ቀን ሴንት ዴኒስ በምትባለው ከተማ መንገድ ላይ ወደቀና ሐኪም አየው። የሳንባ ነቀርሳ።

የሳንባ ነቀርሳ ምን እንደሆነ ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። እኔ ባደግኩበት ሰፈር የበሽታው ስም በሹክሹክታ ነበር የሚነሳው፤ የታመመ ሰው ብርጭቆው ይለይ ነበር። አሁን በየጤና ጣቢያው በነፃ የሚሰጥ የስድስት ወር መድኃኒት አለ። በአርተር ጊዜ ግን ምንም የለም። በሽታውን ለመጀመሪያ ጊዜ ድል የነሳው ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው፤ ከአርተር ጊዜ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ። እኔ ግን ሶፋዬ ላይ ሆኜ ያሰብኩት ስለ መድኃኒቱ አልነበረም። "ያን ቀን ባልመታው ኖሮ" ነው ያልኩት። ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ፤ አለመምታት አይቻልም ነበር። ቢሆንም ጣቴ የእኔ ነበር።

ፊልም ይህን ሊያደርግብኝ አይችልም። ፊልም ላይ አርተር ሰውየውን ሲመታው አርተርን እጠላዋለሁ፣ ሲታመም አዝንለታለሁ፤ ሁለቱም የእሱ ጉዳይ ናቸው። እዚህ ግን መታሁት፣ ረሳሁት፣ አራጣ ሰብስቤ ባገኘሁት ገንዘብ ለፈረሴ ኮርቻ ገዛሁ። ፈረሴን በነገራችን ላይ "ዳኘው" ብዬው ነበር፤ ጌሙ ለፈረስህ ስም እንድታወጣለት ይፈቅድልሃል፣ እኔም የምኒልክን የፈረስ ስም ለአሜሪካ ሽፍታ አዋስኩ። መጨረሻው አካባቢ ዳኘው ተመትቶ ሲወድቅ አርተር በግርግሩ መሐል ተንበርክኮ ያመሰግነዋል። ባለቤቴ ያን ጊዜ ውሃ ልትጠጣ ወጥታ ነበርና "ምን ሆነሃል?" አለችኝ። "ፈረሴ ሞተ" አልኳት። ዝም ብላ ተመልሳ ተኛች።

የዳውንስን ሚስት ደግሞ በኋላ በማዕድን ከተማ ውስጥ ታገኛታለህ፤ ባሏ ሞቶ፣ ገላዋን እየሸጠች፣ ልጇ ጉድጓድ ገብቶ እየሠራ። ይህን ክፍል ከፈለግክ ማለፍ ትችላለህ፤ ሄደህ ካላነጋገርካት ታሪኩ ያለሱ ይቀጥላል። እኔ ሄድኩ። ገንዘብ ስሰጣት ልትቀበለኝ አልፈለገችም። ከጌሙ ሁሉ ያስታወስኩት ይህን ነው፤ የተኩሱን ክፍል ግን ዛሬ ብትጠይቁኝ አንዱን ከሌላው አልለየውም።

እዚህ ላይ ግን ጌሙን ሳልወቅስ አላልፍም። ለአንድ ዳውንስ ይህን ሁሉ ሲያስለቅሰን፣ በየተኩሱ የጣልናቸው በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሚስትም ልጅም የላቸውም። አንዱን ገድለህ ኪሱን ፈትሸህ ሰዓቱን ትወስዳለህ፤ ማንም አይጠይቅህም። ጸሐፊዎቹ የአንዱን ሰው ሞት ክብደት ሰጥተውት የሌላውን እንደ ቅጠል አራገፉት። ይህን ለእህቴ ልጅ ስነግረው "ጋሼ፣ እሱማ ተኩስ ከሌለው ማን ይገዛዋል?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ወላጆችም ልብ በሉ፦ ይህ ጌም አውሮፓ ውስጥ የሚሸጠው ዕድሜው 18 ለሞላ ብቻ ነው፤ የእኛ ልጆች የሚጫወቱትን ዕቃ ሽፋን ገልብጦ ያየ ስንት ወላጅ እንዳለ እንጃ።

ሁለተኛው ዲስ ዋር ኦፍ ማይን ነው፤ በስልኬ የጨረስኩት። የሠራው 11 ቢት የሚባል የዋርሶ ኩባንያ ሲሆን የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። መነሻው ከ1992 እስከ 1996 የዘለቀው የሳራዬቮ ከበባ ነው። እዚህ ወታደር አይደለህም። የፈራረሰ ቤት ውስጥ የተጠለሉ ጥቂት ሲቪሎችን ትመራለህ፦ ካትያ ጋዜጠኛ ነበረች፣ ብሩኖ ምግብ አብሳይ፣ ፓቭሌ ኳስ ተጫዋች። ቀን ተኳሽ ስላለ መውጣት አይቻልም። ሌሊት አንዱ ወጥቶ የሚበላ፣ የሚነድ፣ ፋሻ ይፈልጋል። ጦርነቱ መቼ እንደሚያበቃ አይነገርህም።

ስለ ጦርነት በዚህ አገር፣ በዚህ ጊዜ ሲወራ "ጨዋታ" የሚለው ቃል ራሱ ያሳቅቃል። እኔም ለመጀመር አመንትቼ ነበር። ብቻ አንድ ሌሊት ፓቭሌን ሁለት አዛውንቶች ብቻቸውን ወደሚኖሩበት ቤት ላክሁት። ምግብ ነበራቸው፣ መድኃኒትም ነበራቸው። የእኔ ብሩኖ ታሟል። ሽማግሌው አይዋጉም፤ እየተከተሉ ይለምናሉ እንጂ። ወሰድኩ። ቤት ስመለስ ብሩኖ መድኃኒቱን አገኘ፣ ፓቭሌ ግን አዘነ፤ ከዚያም ሐዘኑ እየባሰ ሄዶ ሥራ አልይዝ አለኝ። የተኩስ አቁም ሲመጣ ሦስቱም በሕይወት ነበሩ። አሸነፍኩ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ያደረግኩትን አንድ በአንድ ቆጥሮ ሲያሳየኝ ግን ስልኩን ገልብጬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

የእህቴ ልጅ ለእረፍት ሲመጣ ይህን አነሳሁበት። "ጋሼ ደግሞ፣ ጌም እኮ ነው!" አለኝ።

"አንተ አዛውንቶቹ ቤት ገብተህ ነበር?"

"ገብቻለሁ።"

"ወሰድክ?"

ትንሽ ዝም አለና "ምግቡን ወሰድኩ። መድኃኒቱን ግን ተውኩላቸው" አለኝ። ይህን ልጅ ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ፤ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ጓደኞቹ፣ ስለ ውጤቱ ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ግን ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ሲጫወት ባየሁት ቁጥር የምለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ "አሁንም አልጨረስክም?"

ፖላንዶች እ.ኤ.አ. በ2020 ይህንኑ ጌም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሚመከሩ የንባብ ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ እንደሚያስገቡት በጠቅላይ ሚኒስትራቸው አፍ ተናገሩ። ከመጻሕፍቱ ጎን ማለት ነው። እኛም እናድርግ አልልም፤ ኮምፒውተር ሳይኖር፣ መብራትም እየጠፋ። ግን አንድ አገር "ይህን ጨርሳችሁ ኑና እንወያይ" ማለቱ፣ ስንት ሰዓት ፈጀ ከሚለው ጥያቄ የተሻለ ጥያቄ እንዳለ ማወቁ ነው።

ሦስተኛውን ለመጨረሻ ያቆየሁት ስለሚከብደኝ ነው። ፔፐርስ፣ ፕሊዝ ይባላል። "ወረቀት፣ እባክዎ" እንደማለት። ሉካስ ፖፕ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ሲሆን በስልክ የመጣው በ2022 ነው። ሥዕሉ ያረጀ ይመስላል፣ ቀለሙ ግራጫ ነው፣ ሩጫ የለውም። ዘመኑ 1982፣ አገሩ አርስቶትስካ የምትባል የፈጠራ አገር፤ አንተ በዕጣ የድንበር ኬላ ሠራተኛ ሆነህ ተመድበሃል። መስኮት አለህ። ሰው ይመጣል፣ ፓስፖርት ያቀርባል፣ ታገላብጣለህ፤ ወይ አረንጓዴ ማህተም ወይ ቀይ ማህተም። ለእያንዳንዱ በትክክል ላስተናገድከው ሰው አምስት ክሬዲት ይከፈልሃል። ማታ ሒሳብ ይመጣል፦ ኪራይ፣ ምግብ፣ ማሞቂያ። ሚስት፣ ልጅ፣ አማትና አጎት አሉህ። ካልሞቁ ይታመማሉ፤ ከታመሙ መድኃኒት ይገዛል።

ይህን ሥራ አውቀዋለሁ። ከሃያ ዓመት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ጀርባ ሦስት ዓመት ተቀምጫለሁ። ባለጉዳይ ይመጣል፣ ፋይል ይከፈታል፣ ማህተም ይመታል ወይም አይመታም። ድንበር አልነበረም፤ የሚሰጠውም ተራ ማስረጃ ነው። ግን ያ ወረቀት ለሰውየው ሥራ ነው፣ ቤት ነው፣ የልጅ ትምህርት ቤት ነው።

ጌሙ ውስጥ በአምስተኛው ቀን አንድ ሰውዬ ይመጣል። ወረቀቱ ሙሉ ነው። ሲያልፍ "ሚስቴ ከኋላዬ ናት፣ አደራ" ዓይነት ነገር ይለኛል። እሷ ስትመጣ የመግቢያ ፈቃድ የላትም። ከተመለሰች ይገድሏታል። በቀን ሁለት ስህተት በማስጠንቀቂያ ይታለፋል፣ ከሦስተኛው ጀምሮ ከደሞዝ ይቆረጣል። እኔ በዚያ ቀን ሁለቱንም ጨርሻቸዋለሁ፤ ልጄም ታሟል። ቀዩን መታሁ። ሴትየዋ ወጣች፣ ቀጣዩ ገባ። ታክሲ ውስጥ ነበርኩ፣ ሳሪስ ላይ መውረድ ነበረብኝ፣ አልፌ ሄድኩ።

የገረመኝ ግን እሱ አይደለም። በዚህ ጌም፣ በዚህ ጨካኝ በተባለ የፈጠራ መንግሥት ውስጥ፣ ወረቀቱ የተሟላለትን ሰው ያለ አግባብ ከመለስክም ያው ቅጣት ይመጣብሃል። ማሳለፍ የማይገባህን ብታሳልፍ ትቀጣለህ፤ መመለስ የማይገባህን ብትመልስም ትቀጣለህ። ሁለቱ ስህተቶች እኩል ናቸው። እኛ ቢሮ ግን እንዲህ አልነበረም። የማይገባ ፋይል ያሳለፈ ሠራተኛ አለቃው ፊት ይቆማል፣ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል። የሚገባውን ሰው "ነገ ይምጡ" ብሎ የመለሰ ግን በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ሲጠየቅ አላየሁም። ስለዚህ ሁላችንም ቶሎ ተማርን። ከተጠራጠርክ መልስ። ኮፒው ከደበዘዘ መልስ። ምሳ ሰዓት ከቀረበ መልስ። በመመለስ የሚመጣ ችግር የለም፤ ችግሩ የሚመጣው በተመላሹ ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ ከመስኮቱ ወዲያ ነው።

ጉቦ አልበላሁም። ይህን እንደ ኩራት ለብዙ ዓመት ስናገረው ኖሬያለሁ። ግን ስንቱን ሰው ነው "ማህተሙ በደንብ አይነበብም" ብዬ የመለስኩት? በጌሙ ውስጥ ልጄ ታሟል የሚል ምክንያት ነበረኝ። ያን ጊዜ ልጅ አልነበረኝም። ሚስትም አልነበረኝም። ደሞዜ ባስተናገድኩት ሰው ቁጥር አይታሰብም፣ ሰው በማሳለፌም አይቆረጥም። የነበረኝ ሰንፌ መቀመጥና መፍራት ብቻ ነው። የዚያችን የአርስቶትስካ ኬላ ሴትዮ ነጠብጣብ ፊቷን አሁንም አስታውሰዋለሁ፤ ከመለስኳቸው ባለጉዳዮች ግን የአንዱም መልክ አይታየኝም። አንዲት እናት ብቻ፣ ፊታቸውን ሳይሆን የያዙትን ፌስታል አስታውሳለሁ፤ ወረቀቶቻቸውን በሻሽ ጠቅልለው ከተውበት ነበር፣ እያንዳንዱን ለማውጣት ሻሹን ይፈቱ ነበር።

ጌሙ ሃያ ዓይነት መጨረሻ አለው ይባላል። እኔ ያገኘሁት ሁለቱን ነው። በሁለተኛው ዙር ሴትየዋን አሳለፍኳት። የማስጠንቀቂያዋ ወረቀት እየተንጣጣች ወጣች፤ ከሦስተኛዋ በፊት ስለነበርኩ ምንም አልተቆረጠብኝም። ያን ያህል ቀላል ነበር።

ባለፈው ሳምንት ለራሴ ጉዳይ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ከተሰለፍኩ በኋላ ደረሰኝ። መስኮቱ ውስጥ ያለው ልጅ የእህቴን ልጅ የሚያክል ነው። ወረቀቶቼን አገላበጠና አንዱን ለየት አድርጎ "አባቴ፣ ይቺ ኮፒ አትታይም" አለኝ። አየኋት። ትታያለች። እሱም እንደምትታይ ያውቃል፤ እኔም ለምን እንደዚያ እንዳለ አውቃለሁ፤ ከእሱ የተሻለ አውቀዋለሁ።

"ኮፒ የሚያነሱት የት ነው?" አልኩት።

"ከበሩ ወጣ እንዳሉ፣ በግራ በኩል።"

ወጣሁ። ስመለስ ለምሳ ተዘግቷል።